ቫዮሊንና ማቃም በአንድ ዲግሪ፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከዶሃ አንዲት እናት የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ክላሲካል ቫዮሊን ተምራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የዓረብ ሙዚቃ ልቧን ወስዶታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለቱንም መማር ትፈልጋለች፤ መጫወቱን ማለቴ ነው። የቫዮሊን አስተማሪዋ ‹ሩብ ድምፅ ከለመድሽ ጆሮሽ ይበላሻል› አላት። አባቷ ደግሞ ‹አንዱን ምረጪና ተገላገይ፤ ለመሆኑ በሙዚቃ እንጀራ ይበላል ወይ?› ይላታል። ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይቻላል? ከተቻለስ የት?»

እህቴ፣ ይቻላል። ጆሮዋም አይበላሽም። ግን ሁለቱንም በአራት ዓመት ውስጥ፣ እኩል ክብደት ሰጥቶ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ፈልገሽ ለማግኘት ትቸገሪያለሽ። ስለዚህ ልጅሽ አንዱን ቤቷ ማድረግ አለባት። ሌላውን ደግሞ ከአንድ ጎበዝ አስተማሪ ሥር ቁጭ ብላ ትማር። የትኛው ቤት እንደሚሆንና ማን እንደሚያስተምራት መወሰን ከዩኒቨርሲቲው ስም በላይ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳሽ።

መጀመሪያ የጆሮውን ነገር እንጨርስ፤ ልጅቷን ያስፈራት እሱ ስለሆነ።

ቫዮሊኗን ታንሳና የመጨረሻውን ወፍራም ክር፣ ሶልን፣ ትጫወት። የመጀመሪያው ጣት ላ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ጣት በክላሲካል ትምህርት ሁለት ቦታ አለው፦ ወይ ከመጀመሪያው ጣት ተጠግቶ ሲ ፍላት፣ ወይ ከሦስተኛው ጣት ተጠግቶ ሲ ናቹራል። ሦስተኛው ጣት ዶ ነው። አሁን ሁለተኛውን ጣት በእነዚህ በሁለቱ መሃል ታሳርፈው፤ አስተማሪዋ ‹ሩብ ድምፅ› ያለው ይህን ነው። ሶል፣ ላ፣ ያ መሃለኛው ሲ፣ ዶ። ራስት የሚባለው ማቃም (ማቃም የዓረብ ሙዚቃ ቅኝት ነው) መነሻ ይህ ነው። ሜጀር ከሚባለው የምዕራቡ ስኬል ጋር ስታስተያየው አንድ ጣት ብቻ ትንሽ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ስሜቱ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ይህ ጣት «የተበላሸ ሲ» አይደለም። የራሱ ቦታ አለው፤ አስተማሪ ሲሰማው ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ይላል። ደግሞም ቦታው በሂሳብ እኩል መሃል ላይ የተቸነከረ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሊባኖሱ ሊቅ ሚካኢል ሚሻቃ ኦክታቩን (ከአንድ ሶል እስከ ቀጣዩ ሶል ያለውን ርቀት) 24 እኩል ቦታ ከፍሎ ስለማየት ጽፏል። ለኖታ አጻጻፍ ይመቻል፣ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ጎበዝ ተጫዋች ግን ባያቲ በሚባለው ሌላ ማቃም ያንን መሃለኛ ድምፅ ከራስት ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። አገርም ይለያያል፤ የራስት ሦስተኛ ድምፅ ካይሮ ላይ ዝቅ፣ ሶርያ ሐለብ ላይ ከፍ ይላል። ይህን ከመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም። ከሰው ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ አስተማሪዋ ስጋት እንመለስ። ስጋቱ የሚመጣው «ጥሩ ጆሮ ማለት የፒያኖ ጆሮ ነው» ከሚል ሐሳብ ነው። ክላሲካል ቫዮሊን ተጫዋች ራሱ የፒያኖ ጆሮ የለውም። ብቻውን ዜማ ሲጫወት የስኬሉን ሰባተኛ ድምፅ ከፍ አድርጎ ወደ ቤቱ ይገፋዋል። ኳርቴት (የአራት ተጫዋቾች ስብስብ) ውስጥ ሲገባ ደግሞ የኮርዱ ሦስተኛ እንዲያርፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከፒያኖ ጋር ሲሆን ፒያኖውን ይከተላል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይሆናል። ማቃም የተማረ ልጅ በዚህ ላይ ሌላ ቦታዎች ይጨምራል። እኔ ያየኋቸው ተማሪዎች ማቃም ከጀመሩ በኋላ የክላሲካሉም ኢንቶኔሽን (ድምፅን በልኩ መያዝ) ሲጠራላቸው ነው፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን በልማድ ሳይሆን በመስማት ማሳረፍ ይጀምራሉ።

የሚጎዳ ነገር ግን አለ። አንዱ በስልክ ቱነር (የቅኝት መለኪያ) 50 ሴንት፣ ማለትም የሩብ ድምፅ ልክ ላይ መርፌዋን እያዩ መለማመድ ነው። ሌላው ኪቦርድ ላይ የዓረብ ስኬል የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ እሱን መከተል ነው። ሁለቱም ጆሮን ሥራ ያስፈቱታል። መጀመሪያ ትስማ፣ ከዚያ ትዝፈነው፣ ከዚያ ነው ክር ላይ የምትፈልገው። በጉሮሮዋ ያላወጣችውን ድምፅ በጣቷ አታገኘውም።

በነገራችን ላይ፣ ቤት ውስጥ ማሲንቆ እየሰማች ካደገች ሳታውቀው ግማሽ መንገድ ሄዳለች። የማሲንቆ ጣት የፒያኖን ቁልፍ አይጠይቅም። በእርግጥ የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ ማቃም ደግሞ ጂንስ ከሚባሉ የሦስት፣ የአራት፣ የአምስት ድምፅ ቁርጥራጮች ይገጣጠማል። ትዝታና ባቲን ማወቅ የማቃም ቲዎሪ አያስተምርም። ጆሮው ግን ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል። ኡድ የሚባለው ባለ ክር የዓረብ መሣሪያም ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዓሊ ቢራ ኡድ ይጫወት ነበር፤ ሱዳኖች ደግሞ አምስት ድምፅ ያለውን ዜማቸውን በኡድ ሲጫወቱ ኖረዋል።

ከጆሮ ይልቅ የምፈራላት ለእጇ ነው።

የክላሲካል ቫዮሊን ደጋን ረጅም፣ እኩልና የተሞላ ድምፅ ይፈልጋል። ቪብራቶው (ድምፁን ማንቀጥቀጡ) አይለይም። በዓረብ ሙዚቃ ቪብራቶ እንደ ቅመም ነው፤ ቆጥበሽ ነው የምትጨምሪው። ጌጡ በግራ እጅ መንሸራተት፣ በአጫጭር ትሪል (ሁለት ድምፅ ቶሎ ቶሎ በማፈራረቅ)፣ ከላይ ጎረቤት ድምፅን ነካ አድርጎ በመመለስ ይሠራል። ቅኝቱም ይለያል። በድሮው የዓረብ ቅኝት አራቱ ክሮች ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሬ ናቸው፤ ማለትም ላ ወደ ሶል፣ ሚ ወደ ሬ ይወርዳል። ጥቅሙ የታችኛው ኦክታቭ ጣት አያያዝ ላይኛውም ላይ እንዳለ መደገሙ ነው፣ ክፍት ክሮቹም ከዜማው ሥር ያስተጋባሉ። ዛሬ በተለመደው ቅኝት የሚጫወቱ ብዙ ናቸው፤ ግን ልጅሽ ሁለቱንም ትልመድ። አንድ ርካሽ ሁለተኛ ቫዮሊን ግዢላት። በአንዱ ላይ ቀን በቀን ክር ማውረድና ማውጣት ክሩንም ቅኝቱንም ያናጋዋል። ሁለት ዕቃ ሲኖር ደግሞ እጅም የትኛው ቋንቋ ውስጥ እንዳለ ቶሎ ያውቃል።

ከእጅ ቀጥሎ ሪትም ይመጣል። ሳማዒ ሰቂል የሚባል 10 ምት ያለው ዑደት አለ። ጉልበቷን እየመታች ትቁጠረው (ዱም ወፍራሙ፣ ታክ ቀጭኑ ምት ነው)፦ 1 ላይ ዱም፣ 4 ላይ ታክ፣ 6 እና 7 ላይ ዱም ዱም፣ 8 ላይ ታክ፤ ሌላው ዝም። ይህን እየመታች ዜማውን መዝፈን ካልቻለች ሳማዒ የሚባለውን የሙዚቃ ቅርጽ ማንበብ ትችላለች እንጂ መጫወት አትችልም። አራት ክፍሎች አሉት፣ በየመሃሉ ተስሊም የሚባል ተመላላሽ ዜማ ይመጣል፣ አራተኛው ክፍል ላይ ብዙውን ጊዜ ምቱ ይቀየራል። ኖታው ወረቀት ላይ አጽም ብቻ ነው። ሥጋውን አስተማሪዋ ሲጫወት አይታ ነው የምታለብሰው። ተቅሲም ደግሞ አለ፤ ብቻ ሆኖ፣ ያለ ምት፣ ከአንድ ማቃም ተነስቶ ሌሎችን እየጎበኙ ወደ መነሻው መመለስ። ይህን በወር በሁለት ቀን ወርክሾፕ ማንም አይማረውም።

ሁለቱን ዓለም ማገናኘት ዛሬ የተጀመረ ሐሳብ እንዳይመስልሽ። በ1932 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ላይ በንጉሥ ፉአድ ድጋፍ ትልቅ የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የአውሮፓ አቀናባሪዎቹ ቤላ ባርቶክና ፓውል ሂንደሚት ሳይቀሩ ተገኝተዋል። ስኬሉ 24 እኩል ቦታ ይከፈል ወይስ አይከፈል፣ ፒያኖ ይግባ ወይስ አይግባ ብለው ተሟግተዋል። ልጅሽና አስተማሪዋ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር ያኔም አልተዘጋም።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሸሪፍ ሙሕዪዲን ታርጋን የተባለ የኢስታንቡል ሰው ባግዳድ ሄዶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ኡድም ቼሎም ጎበዝ ተጫዋች ነበር። ከቼሎ ያገኘውን የእጅ ስልት ወደ ኡድ አመጣው፤ ጣት ከፍ ወዳለው የኡዱ አንገት መውጣት ጀመረ፣ ኡድ ከዘፋኝ አጃቢነት ወጥቶ ብቻውን መድረክ ላይ መቀመጥ ቻለ። ጀሚልና ሙኒር በሺር የተባሉት ወንድማማቾች ከእሱ ተማሪዎች ናቸው። ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፦ ታርጋን ሁለቱን አልቀላቀለም። ሁለቱንም እስከ ጥግ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ምን እንደሚሻገር መምረጥ ቻለ።

ለቫዮሊን ቅርቡ ምሳሌ ሳይመን ሻሂን ነው። ገሊላ ውስጥ ተርሺሓ ተወለደ። ኡድን ከአባቱ ከሒክመት ሻሂን በልጅነቱ ተማረ። ቫዮሊንን ደግሞ በክላሲካሉ መንገድ ሄዶበት፣ ኢየሩሳሌም አካዳሚ ተመርቆ፣ በ1980 ኒውዮርክ ገብቶ በማንሃተን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ትምህርቱን ቀጠለ። ልብ በይ፤ የዓረቡ ከቤት ነው የመጣው፣ ከአባት። ዩኒቨርሲቲው የሰጠው የምዕራቡን ነው። ለልጅሽ አባቷ ኡድ አያስተምራትም፤ ስለዚህ ያንን ቦታ የሚሞላ ሰው መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው።

አሜሪካም ይህን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሞክራዋለች። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩሲኤልኤ ማንትል ሁድ የተባለው ምሁር በ1960 አካባቢ ተማሪ በሁለት ሙዚቃ ውስጥ በመጫወት መሠልጠን አለበት ብሎ ተነሣ። በቶክዮ ቤተ መንግሥት የጋጋኩ (የጃፓን የቤተ መንግሥት ሙዚቃ) ተጫዋቾች የምዕራቡንም ክላሲካል እንደሚጫወቱ ያውቅ ነበር። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኋላ ሊባኖሳዊው ዓሊ ጂሃድ ራሲ ለረጅም ዓመታት የዓረብ ሙዚቃ አስተምሯል። እኛም ቤት ቢሆን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪውን በፒያኖና በቫዮሊን ብቻ አይተወውም፤ ክራርና ማሲንቆም ያስይዘዋል። ሐሳቡ ጤነኛ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ የሰዓት ነው።

እንግዲህ የት ትሂድ?

ካይሮን አስቢበት። ጊዛ ያለው የኪነ ጥበባት አካዳሚ ውስጥ ኮንሰርቫቶሪውም (በ1959 የተከፈተው) የዓረብ ሙዚቃ ከፍተኛ ተቋሙም አሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ግን ሥርዓተ ትምህርታቸው የተለያየ ነው። በአንዱ ትገቢያለሽ፣ ሌላውን በራስሽ ጥረት ትፈልጊያለሽ። ልጅሽ ዓረብኛ የምትናገር ከሆነ ይህ ከተማ የሚሰጣት ነገር ሌላ ቦታ የለም፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለው ሙዚቃ ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

ቤይሩት ያለው ብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪ የምሥራቁንም የምዕራቡንም ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ኖሯል። በሐሳብ ደረጃ ልጅሽ ለምትጠይቀው ነገር በጣም የሚቀርበው እሱ ነው። ግን ከ2019 ወዲህ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ምን እንደደረሰበት ታውቂያለሽ። ከመወሰናችሁ በፊት የምትፈልጉት አስተማሪ አሁንም እዚያ እያስተማረ መሆኑን አጣሩ።

በርሊን ባሬንቦይም-ሰዒድ አካዳሚ አለ። ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ ለሚመጡ ወጣቶች ተብሎ የታሰበ ነው፤ ከመሣሪያው ጎን ፍልስፍናና ታሪክም ያስተምራል። ሥልጠናው ግን በዋናነት የምዕራቡ ክላሲካል ነው። ስሙን አይተሽ የዓረብ ሙዚቃ የሚያስተምር አይምሰልሽ። ጥሩ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ በርሊን ከተማው ውስጥ ከሶርያና ከኢራቅ የመጡ ጎበዝ ሙዚቀኞች አሉ፤ ሁለተኛውን አስተማሪ እዚያ ማግኘት ይቻላል። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ኢየሩሳሌም አካዳሚ የምሥራቅ ሙዚቃ ክፍል እንዳለው እወቁ።

ለማንኛውም ትምህርት ቤት ከማመልከታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሁለተኛውን ሙዚቃ የሚያስተምረው ማን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ብቻዋን ታገኘዋለች? ስብስብ ውስጥ ሳይሆን አንድ ለአንድ። የመመረቂያ ኮንሰርቷ ላይ ግማሹን የዓረብ ሙዚቃ ማቅረብ ትችላለች ወይ? የጆሮ ሥልጠናው ክፍል ውስጥ ማቃም አለ ወይስ የሜጀርና ማይነር ብቻ ነው? መልሱ «በሳምንት አንድ ጊዜ ስብስብ አለን» ከሆነ፣ ያ ቅምሻ ነው። ለጓደኝነት ጥሩ ነው፤ ተጫዋች አያወጣም።

የእኔን ምክር ከጠየቅሽኝ፣ የልጅሽ የመጀመሪያ ዲግሪ በክላሲካል ቫዮሊን ይሁን። ከአሥር ዓመት በላይ ያፈሰሰችበት ነው፤ የደጋኑና የከፍተኛ ፖዚሽኑ ቴክኒክ በ18 እና በ22 መካከል በደንብ ካልተሠራ በኋላ ያስከፍላል። የዓረቡን በእነዚያ ዓመታት ከአንድ አስተማሪ ጋር በየሳምንቱ ትያዝ፤ ማስተርሷን በእሱ ታድርግ። ኡድ ወይም ቃኑን (በጣት የሚመታ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ) ተጫዋች ብትሆን ኖሮ በግልባጩ እመክርሽ ነበር። እሷ ራሷ ግን «ልቤ ታኽት (ትንሽ የዓረብ ሙዚቃ ስብስብ) ውስጥ ነው፣ ከቃኑንና ከናይ (ከዓረብ ዋሽንት) ጎን ቁጭ ብዬ መኖር ነው የምፈልገው» ካለች፣ የእኔን ምክር ተይውና ካይሮ ላኪያት። በ17 ዓመት የሚታወቅ ፍላጎት አለ።

ማመልከቻው ላይ አንድ ነገር ትጠንቀቅ። ብዙ የምዕራቡ ኮንሰርቫቶሪዎች መጀመሪያ ቪዲዮ ይጠይቃሉ፦ ስኬል፣ ኤቲዩድ (የቴክኒክ መለማመጃ ሥራ)፣ ከባክ ሶሎ ሥራዎች፣ የኮንቼርቶ ክፍል። የጠየቁትን በጠየቁት መንገድ ትስጣቸው። ተቅሲሟን በዚያ ውስጥ አትቀላቅል፤ ተጨማሪ ፋይል የሚቀበሉ ከሆነ ለብቻው ትላከው። ለዓረብ ሙዚቃ ፈተና ደግሞ አንድ ሳማዒ በቃሏ፣ ከዚያው ማቃም የተነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተቅሲም፣ የሚቻል ከሆነ ዘፋኝ ማጀብ። ማጀቡን ችላ አትበል። ዘፋኙ ሐረጉን ሲጨርስ ተከትሎ መመለስ የዓረብ ቫዮሊን ተጫዋች የሚመዘንበት ቦታ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ በዲሴምበር መጀመሪያ ይዘጋል፤ ስለዚህ ቀረጻው በመስከረምና በጥቅምት ያልቅ።

አሁን ለአባቷ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ አባት ይህን ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል? በሙዚቃ ብቻ መኖር ከባድ ነው፤ ኦርኬስትራ ወንበር ትንሽ ነው፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ግን አንዱን ብቻ የያዘ ልጅ የበለጠ ዋስትና የለውም። ያላችሁበትን ዶሃን ተመልከቱ። ኳታር ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ከ2007 ጀምሮ አለ፤ የዓረብ አቀናባሪዎችንም ሥራ ያቀርባል። ኳታር የሙዚቃ አካዳሚ በ2011 ሲከፈት የምዕራቡንም የዓረቡንም ትምህርት ይዞ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ኖታ አንብቦ የሚጫወትም፣ ራስትን በትክክል የሚይዝም አስተማሪ ይፈልጋል። ስቱዲዮ ላይም እንዲሁ ነው፤ የፊልም ሙዚቃ የሚቀዳ ሰው ሩብ ድምፁን ሁለቴ የማይጠይቅ ቫዮሊን ተጫዋች ሲያገኝ ስልኩን አይጥለውም። ልጅቷ የማስተማር ኮርሶችን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ ትውሰድ፤ እንጀራው በብዛት ከዚያ ነው የሚመጣው። ይህን አባቷ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

እስከዚያው በዚህ ክረምት ሁለት ነገር አድርጉ። ዶሃ ውስጥ ወይ በኢንተርኔት አንድ የዓረብ ቫዮሊን አስተማሪ ያዙና ራስትና ባያቲን ብቻ ትሥራ፤ ሒጃዝና ሳባ የሚባሉት ማቃሞች ይቆዩ። ቪዛና ገንዘብ ከፈቀደ ደግሞ ሻሂን በ1997 የጀመረውን፣ ማሳቹሴትስ ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ሲካሄድ የኖረውን የክረምት የዓረብ ሙዚቃ ሥልጠና ዓይነት ኮርስ ፈልጉ። እንዲህ ያለ ቦታ ከጎበዝ ሰዎች ጎን ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ስትጫወት፣ አራት ዓመት ልትሰጠው የምትፈልገው ነገር መሆኑን ወይም አለመሆኑን ራሷ ታውቀዋለች። ከዚያ የምትመርጧቸውን አስተማሪዎች ስም ላኩልኝ፤ የዩኒቨርሲቲዎቹን ከዚያ በኋላ አብረን እናያለን።